የሰው ወርቅ፣ የሰው ልጅ

ተረት ሲያልቅ ተራቹ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ዳቦው ይገባኛል። ሰው ሲያወራ አምሽቶ ይርበዋል። ሁልጊዜ የምትገርመኝ «መልሱ» የምትለዋ ቃል ናት። ተረት እንዴት ነው የሚመለሰው? አንዴ ጆሮ ውስጥ የገባን ጅብ፣ አንዴ ልብ ውስጥ የገባችን ጦጣ እንዴት አድርገን ለባለቤቷ እንመልሳለን? ወይስ ተራቹ «የሰጠኋችሁ በውሰት ነው፤ ስትጫወቱበት እንዳታበላሹት» ሊለን ፈልጎ ይሆን?

ይህን ያነሳሁት ስለ አያቶቻችን ተረት ላወራ አይደለም። ስለ ሱፐርማን ላወራ ነው። አትሳቁ። ነገሩ ስቆ የሚታለፍ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባል ጨዋታ አሳተሙ። ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ነው። ነገር ግን እንደ ዳማ ወይም እንደ ገበጣ ጠጠር ማዘዋወሩ አይደለም ዋናው ቁም ነገር። አንዱ ታሪክ ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ተራኪው «ገደል አፋፍ ላይ ደርሳችኋል፤ ከኋላ ጠላት እየመጣ ነው፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ በያዘው ሰው አንደበት «እዘላለሁ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ዳይስ ይጣላል። ዳይሱ ከቀናው ይሻገራል፤ ካልቀናው ይወድቃል። በጨዋታው መጨረሻ ዋንጫ የሚያነሳ የለም። የሚተርፈው ታሪኩ ነው።

ጨዋታው ተዛመተ፣ ተባዛም። እ.ኤ.አ. በ1977 በፊልም የታየው «ስታር ዋርስ» ከ10 ዓመት በኋላ በ1987 የራሱ የጠረጴዛ ጨዋታ ተሠራለት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ «ገርፕስ» የሚባል፣ የየትኛውንም ዓለም ሰው በአንድ ሕግ ማጫወት የሚያስችል ጨዋታ ወጥቶ ነበር። እንግዲህ በሩ ተከፈተ። ዳርዝ ቬደር ከራሱ ፊልም ወጥቶ፣ ተርሚኔተር ከራሱ ወጥቶ፣ ሱፐርማንም ከመጽሔቱ ወጥቶ አንድ ገበታ ላይ መቀመጥ ቻሉ። ለዚህ ግን እያንዳንዳቸው በጨዋታው ሚዛን እንደገና መጻፍ አለባቸው። ጉልበቱ ይህን ያህል፣ ብልሃቱ ይህን ያህል፣ ድክመቱ ይኸ። ወረቀት ላይ የሰፈረው ሰው ለያዘው ልጅ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የሚያስበው፣ የሚወስነው ያ ልጅ ነው።

እኔ ይህን በዓይኔ ያየሁት ሸዋ ሮቢት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲሄዱ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፈው፣ ብርዱን ደብረ ሲና ላይ ትተው ቁልቁል ሲወርዱ፣ 220 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ፣ ማሽላና ትምባሆ የበቀለበት፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ ከታች የሚመጣው አፋር በአንድ ገበያ የሚገናኝበት አገር ነው። ከሰዓት በኋላ የሰው ሁሉ ሥራ ጥላ ፍለጋ ነው። የእህቴ ልጆችና የሰፈር ጓደኞቻቸው ስድስት ሆነው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ለዕረፍት ከአዲስ አበባ የመጣ የአክስታቸው ልጅ ጨዋታውን አስተምሯቸዋል፤ እሱን «የጨዋታው አባት» ይሉታል። የካርቶን ክዳን ላይ ካርታ ስለዋል። የሮቢ ወንዝ አለ፣ የደሴ መንገድ አለ፣ መናኸሪያው አለ። ሁለት የሉዶ ዳይስ አላቸው። ታሪኩ ደግሞ ይኸው፦ ከሰማይ የወደቀ መርከብ ወንዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ውሃው ወደ ሽንኩርት ማሳው መድረስ አቁሟል።

«ማን ማንን ይዟል?» አልኳቸው። አንዱ ሱፐርማንን፣ አንዱ ስፓይደርማንን፣ አንዷ ልጅ ደግሞ ተርሚኔተርን።

በኛ ጊዜ ቪዲዮ ቤት ነበር። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ ቋንቋውን ሳንሰማ ሁሉንም ነገር እንረዳ ነበር። የፊልሙን ዋና ጀግና «አክተሩ» እንለዋለን። አክተር አይሞትም። ከቪዲዮ ቤት ስንወጣ መንገድ ላይ ጨዋታው ይቀጥላል፤ «አክተሩ እኔ ነኝ!» ብሎ የቀደመ ቀደመ። ሁልጊዜ የሚያጣላን አንድ ጥያቄ ነበር፦ ወንበዴው ማን ይሁን? ወንበዴ የሚሆነው ወይ ትንሹ ነው፣ ወይ ከሌላ ሰፈር የመጣው ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የእህቴ አማት በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ማሾ ይለቅማሉ። «ሱፐርማን፣ ሱፐርማን» የሚለውን ሲሰሙ ቆዩና እኛ አገር ስለማንኛውም ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀውን ጠየቁ። «ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?»

ልጆቹ ተያዩ። «እማማ፣ ወላጆቹ ሞተዋል። አገሩ ጠፍቶበት በመርከብ መጣ። ገበሬዎች አግኝተው አሳደጉት» አላቸው አንደኛው።

እሳቸው ሰፌዱን ነቅነቅ አደረጉና «እንዲያ ከሆነ ይግባ። ብቻ ያሳደጉትን እንዳያሳፍር» አሉ።

ጥቂት ቆይቶ ፀብ ተነሳ። ሱፐርማንን የያዘው ልጅ፣ ጠላት የተደበቀበትን መንደር ከነሰዉ አንስቼ ወንዙ ውስጥ እጥለዋለሁ አለ። የጨዋታው አባት «ሱፐርማን እንዲህ አያደርግም» አለው። ልጁ ተቆጣ። «የኔ ነው እኮ! እኔ ነኝ የያዝኩት። የኔ ከሆነ ያልኩትን ያደርጋል።»

እነሆ የዛሬው ጥያቄ። የሌላ ሰው የፈጠረው ገጸ ባሕርይ እጃችን ሲገባ ምን ልናደርገው እንችላለን? ያሰኘንን ሁሉ?

አንደኛው መልስ የሕግ ሰው መልስ ነው፤ «ባለቤቱን ጠይቅ» ይላል። እኛም አገር ሕግ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ማንጎ ዛፍ ሥር መጫወትና አሳትሞ መሸጥ አንድ አይደሉም። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አሳታሚዎች ራሳቸው ከቶልኪን መጻሕፍት «ሆቢት» የምትለዋን ስም ወስደው፣ የመብት ጥያቄ ሲነሳባቸው «ሃፍሊንግ» ብለው ለመቀየር ተገድደዋል። ይህ ትክክል ነው፤ የደራሲን እንጀራ መንጠቅ ነውር ነው።

ነገር ግን ባለቤት ማነው? ጄሪ ሲገል እና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ሱፐርማንን ፈጥረው እ.ኤ.አ. በ1938 መብቱን በ130 ዶላር ሸጡት። ገዢው በለጸገ፤ እነሱ በችግር አረጁ። በ1975 ነው፣ ከብዙ ጩኸት በኋላ፣ ድርጅቱ ጡረታ የቆረጠላቸውና ስማቸውን እንደ ፈጣሪ የመለሰላቸው። እንግዲህ በሕግ ዓይን «አባት» የነበረው የገዛው እንጂ የወለደው አልነበረም። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ሕጋዊው ባለቤት በሠራው «ማን ኦፍ ስቲል» ፊልም ሱፐርማን የጠላቱን አንገት ሰብሮ ገደለ። ብዙ ተመልካች ተቆጣ። «ይኼ የኛ ሱፐርማን አይደለም» አለ። ባለቤቱ ወረቀት ነበረው፤ ተመልካቹ ምንም ወረቀት አልነበረውም። ሆኖም ስለ ገጸ ባሕርይው ህሊና ሲከራከር የነበረው ተመልካቹ ነው። ስለዚህ «የኔ ነው፣ ያልኩትን ያደርጋል» የሚለው የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ክርክር በሆሊውድም አልሠራም ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ የአንድ የተማረ ወዳጄ ነው። ይህን ጨዋታ ባወራለት ፊቱ ጠቆረ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ!» አለኝ። «ታሪክ ሞልቶን፣ ጀግና ሞልቶን፣ የይፋት ልጅ የክሪፕተን ሰው ተሸክሞ ይውላል?»

ወዳጄን አላቃልለውም። የውሰቱ መንገድ ባለ አንድ አቅጣጫ መሆኑ እውነት ነው። የነሱ ጀግና እኛ ቤት ይገባል፤ የኛ ጀግና እነሱ ቤት እምብዛም አይታይም። ይህን ለማረም የሚሞክሩ አሉ። በሠራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የሚባል ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቷል። እሰየው ነው። በ2015 ደግሞ ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ እዚሁ ኢትዮጵያ፣ ዳንኤል ታደሰንና ሰላም ተስፋዬን ይዞ «ክረምብስ» የሚባል ፊልም በአማርኛ ሠርቷል። ዓለም ካለቀ በኋላ የተረፉ ሰዎች የፕላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅርስ ይዘው፣ ማይክል ጆርዳንን እንደ ታቦት ይማጸናሉ። ወዳጄ ይህን ፊልም ቢያየው «አላልኩህም? የሰው ወርቅ መጨረሻው ይኸው ነው!» ይለኝ ነበር።

ግን ምሳሌያዊ አነጋገሩ ስለ ወርቅ ነው የሚያወራው። ወርቅ አጥልቀኸው ትወጣለህ፣ ማታ አውልቀህ ትመልሳለህ። ስለ ወርቅ ልክ ነው። ገጸ ባሕርይ ግን ወርቅ ነው እንዴ?

ታሪካችንን እንይ። በ16ኛው መቶ ዘመን የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ ዕንባቆም ከየመን የመጡ፣ በእስልምና ተወልደው ክርስትናን የተቀበሉ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1553 «በረላም ወይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተረጎሙ። ይዋስፍ የሚባለው ልዑል በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን አይቶ ከቤተ መንግሥት የሚወጣ ቅዱስ ነው። ሊቃውንት ሥሩን ሲከተሉ ሕንድ ደረሱ። የቡድሃ ታሪክ ነው! ከአገር አገር፣ ከቋንቋ ቋንቋ ሲሻገር ስሙና ሃይማኖቱ ተለውጦ ገዳማችን ገባ። ስሙ ተለወጠ፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ሞት ካለ ይህ ሁሉ ቅምጥል ምንድነው? ይህን ጠይቆ ከአጥሩ የወጣው ልዑል ሕንድም ውስጥ ደብረ ሊባኖስም ውስጥ አንድ ሰው ነው።

እስክንድርን ደግሞ ተመልከቱት። በግዕዙ «ዜና እስክንድር» ውስጥ ያ ዓለምን በሰይፍ የወረረ መቄዶናዊ ሥላሴን የሚያመልክ፣ በንጽሕና የሚኖር ንጉሥ ሆኗል። በሙስሊሙ ወገን በቁርኣን የተጠቀሰውን ዙልቀርነይንን ብዙ ሙፈሲሮች ይኸው እስክንድር ነው ብለዋል። አስቡት እንግዲህ፤ እንደ ይፋት ባለ አገር አንዱ ሰው በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ዘመድ አለው። ይህን ሁሉ ያደረጉት የጥንት ሰዎቻችን የሰው ወርቅ አልተዋሱም። የሰው ልጅ ነው ያሳደጉት።

የኔ መልስ ከዚህ ይነሳል። የእህቴ አማት ሳያውቁት የነገሩኝ መልስ ነው። ባዕድ ገጸ ባሕርይን ወደ ራስ ታሪክ ማምጣት ጉዲፈቻ ነው። ደግሞ ምን እንደሚገርመኝ ታውቃላችሁ? ከእነዚህ ጀግኖች ብዙዎቹ ራሳቸው አሳዳጊ ያሳደጋቸው ናቸው። ሱፐርማንን የካንሳስ ገበሬዎች፣ ስፓይደርማንን አጎቱና አክስቱ፣ የስታር ዋርሱን ሉክ ስካይዎከርን በረሃ ላይ የሚያርሱ አጎቱና አክስቱ አሳደጉ። የማንም ቤት ሊገቡ ተዘጋጅተው የመጡ ይመስላሉ።

ጉዲፈቻ ደግሞ ወግ አለው። የወሰድከው ልጅ እንደ አብራክህ ክፋይ ነው፤ ይወርስሃል። ሆኖም የ1992ቱ የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደሚለው፣ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ወደ ጨዋታው እናምጣቸው። አንደኛ፣ ልጁ ከየት እንደመጣ አትደብቅ፤ የፈጠረውን ሰው ስም አትፋቅ። የሲገልና የሹስተር ዕዳ ይህ ነበር። ሁለተኛ፣ ቤትህ ካስገባኸው የቤትህን ሐዘንም አውርሰው። ሸዋ ሮቢት የገባ ሱፐርማን የሜትሮፖሊስን ፎቅ ሳይሆን የሽንኩርት ማሳውን ውሃ ይጠብቅ። ልጆቹ ይህን ማንም ሳይነግራቸው አድርገውታል። ሦስተኛው ሕጉ ላይ የለም፤ በረንዳው ላይ የተነገረው ነው። ያሳደጉትን አያሳፍር። ልብሱን ቀይር፣ ቋንቋውን ቀይር፣ ከፈለግህ ጋቢ አልብሰው። ነገር ግን የሚታወቅበትን ምርጫ፣ «ይህንን አላደርግም» የሚልበትን ቦታ ከወሰድክበት፣ የቀረህ ስሙና ጉልበቱ ብቻ ነው። ያኔ ያሳደግኸው ልጅ ሳይሆን የሰው መዶሻ ነው የያዝከው።

«ጨዋታ አይደል እንዴ? ምን አካበደህ?» የሚለኝ ይኖራል። ላካብደው ግድ የሚለኝ የቦታው ነገር ነው።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም አጣዬ ተቃጠለች። ጥቃቱ ሸዋ ሮቢትንም ነክቷል። በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ወረደ። ያኔ ማንጎ ዛፍ ሥር ያሉት ልጆች ሕፃናት ነበሩ። መንደር ከነሰዉ ሲጠፋ ማለት ምን እንደሆነ ከፊልም አይደለም የሚያውቁት። ስለዚህ ያ ልጅ «መንደሩን ከነሰዉ» ሲል ጓደኞቹ ዝም ያሉት ስለ ሱፐርማን ሕግ ብቻ አይመስለኝም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። ወንበዴው ማን ይሁን? ስለዚህ ጠይቄያቸው ነበር። ተርሚኔተርን የያዘችው ልጅ «መጀመሪያ ተነጋግረናል፤ ጠላቱ ሰው አይሁን ብለናል» አለችኝ። ከሰማይ የመጣ ማሽን ነው። ምክንያቱን አልጠየቅኋትም። ስድስቱ ከአንድ ወገን የተወለዱ አልነበሩም። ከመካከላቸው አንዱ የጠላትን ሚና ቢይዝ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ሚናው አብሮት ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። እኛ በቪዲዮ ቤት ዘመን ከሌላ ሰፈር የመጣውን ወንበዴ ስናደርግ ይህንን አላሰብንም። እነሱ አስበውታል።

የወዳጄም ጥያቄ እዚህ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። «የራሳችንን ጀግና ለምን አያስቀምጡም?» እንደኔ ይህ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1332 ዓፄ ዓምደ ጽዮንና የይፋቱ ሰብረዲን በዚሁ ምድር ተዋግተዋል። እነዚህን ሁለቱን ካርቶኑ ላይ ብናስቀምጣቸው አክተሩ ማነው? ወንበዴውስ? መልሱ እንደ ተቀማጩ ይለያያል፤ ዳይስ ሳይጣል ፀቡ ይጀመራል። የክሪፕተኑ ሰው ግን አያቱ የማንንም አያት አልገደለም። የቀበሌ መታወቂያችን ለብዙ ዓመታት «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው፤ ልጆቹ ለሱፐርማን በጻፉለት ወረቀት ላይ ያ መስመር የለም። ጉልበት፣ ብልሃት፣ ድክመት፣ በቃ። ከይፋት ወደ ሰሜን፣ በወሎ፣ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ። ወገን ከወገን ሲጣላ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ያስፈልጋል። ባዕዱ ጀግና በዚያ ካርቶን ላይ የያዘው ቦታ ይህን የሚመስል ነው።

ይህን ስል ደስ እያለኝ ብቻ አይደለም። ያሳዝነኛልም። የራሳችን ሰዎች አንድ ገበታ ላይ አብረው መቀመጥ ስላልቻሉ ልጆቻችን ከሌላ ኮከብ ሽማግሌ መጥራታቸው ለእኛ ለትልልቆቹ ምስጋና አይደለም። ጠላትን ሁሉ ማሽን ማድረግም ለዘላለም አያዛልቅም። ልጆቹ ሲያድጉ ጠላት የሚሏቸው ሰዎች ይገጥሟቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ማሽን አይደሉም። ያኔ «ይህንን አላደርግም» የሚለውን ቃል ከየት ያመጡታል? አንድ ቦታ ላይ መለማመድ አለባቸው። እኔ ጨዋታውን የምወድለት ለዚህ ነው። የሰው ገጸ ባሕርይ ይዘህ፣ ጉልበቱ ሁሉ እጅህ ላይ እያለ፣ ልታደርገው የምትችለውን እንዳታደርግ ጓደኞችህ ሲከራከሩህ፣ ያ ከማንም የሥነ ዜጋ መጽሐፍ የተሻለ ትምህርት ነው። ዳይሱ ዕድልን ይወስናል፤ መንደሩን መጣልና አለመጣልን ግን ዳይስ አይወስንም። እሱን የሚወስነው የያዘው ልጅ ነው።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፣ «ለምን የሰው ጀግና ያዙ?» ብለህ አትቆጣ። ይልቅ እንዴት እንደያዙት ጠይቅ። የክሪፕተኑ ልጅ አንድ ቀን ጨዋታው አልቆ፣ ተረቱ ለባለቤቱ ይመለስ ቢባል፣ ከይፋት ቆላ ምን ይዞ ይመለሳል? በእጁ ላይ የመንደር ሰው ደም ነው ያለው ወይስ የሽንኩርት ማሳ ጭቃ?